ቀባሪውን ከገመድ ውጭ አታቁሙት

የክለብ ባለውለታ ሲሞት ደጋፊው ለቅሶ ደራሽ አይደለም፤ ባለለቅሶ ነው። ካዛንቺስ ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። በእኛ ሰፈር ሞት ሲመጣ ጡሩምባው ይነፋል፣ የእድሩ ድንኳን ይተከላል፣ አግዳሚውና ሳህኑ ይወጣል፣ አስከሬኑን ጎረቤት ይሸከማል። ባለሥልጣን ቢመጣ እንኳ ከሰዉ መሀል ይቀመጣል፤ የቀብሩ ባለቤት ሰፈሩ ነዋ። የእግር ኳስ ሰው ሲሞት ግን ይህ ሁሉ ይገለበጣል። የቀብሩ ባለቤት ጽሕፈት ቤት ይሆናል፣ ዋናው ቀባሪ ደግሞ ገመድ ተስቦበት ከሩቅ ይቆማል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ አንጋፋ ተጫዋች ሽኝት ላይ ይህንኑ አየሁ። ስሙን አልጠራም፤ ቤተሰቡን ደግሜ ማስለቀስ አልፈልግም። የክለባቸውን ሻርፕ አንገታቸው ላይ ጠምጥመው ከንጋት ጀምሮ የቆሙ ሽማግሌዎች ነበሩ። የፊት ወንበሮች ግን ሰውየው ኳስ ሲጫወት ገና ላልተወለዱ ኃላፊዎች ተይዘዋል። የሕይወት ታሪኩ ተነበበ፤ የግቦቹ ቁጥር የተሳሳተ፣ ጫማ የሰቀለበት ዓመትም የተሳሳተ። ከኋላ አንድ አዛውንት «ኧረ እንደሱ አይደለም!» ብለው ጮኹ። ሥነ ሥርዓት አስከባሪው መጥቶ ዝም አሰኛቸው። በዚያ ቀን ከተነገረው ሁሉ እውነቱ የእሳቸው ጩኸት ነበር። እኚያን ሰው ዝም ማሰኘት ነውር ነው። ለቀባሪው አረዱት የሚባለው ይኸው ነው።

ማንን ነው ከገመድ ውጭ ያቆማችሁት? ካታንጋ ላይ የሐምሌ ዝናብ እየወረደበት ዘጠና ደቂቃ የዘመረውን፣ ሚስማር ተራ ላይ ተጨናንቆ የቆመውን፣ ከማን አንሼና ዳፍ ትራክ ላይ ድምፁ እስኪዘጋ የጮኸውን ሰው ነው። እነዚህን የስታዲየም መቀመጫ ስሞች ያወጣ ኮሚቴ የለም፤ ሕዝቡ ራሱ አወጣቸው፣ እስከ ዛሬም ይጠራባቸዋል። ተጫዋቹ አርጅቶ አልጋ ሲይዝ፣ ለሕክምናው መዋጮ ሲጠራ፣ ከወር ደሞዙ ቀንሶ የሚያዋጣው ይኸው ሰው ነው። ትልቁ የአበባ ጉንጉን ግን በሽተኛው በሕይወት ሳለ ስልኩን ካላነሳለት ቢሮ ይመጣል። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይላል ያገሬ ሰው። በቁሙ ሳለ አንገቱን ቀና አድርጎ ያየው ማን እንደሆነ ካታንጋ ያውቃል።

የምናወራው ስለ ተራ ሜዳ አይደለም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ይህ የአዲስ አበባ ስታዲየም፣ ያኔ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም የሚጠራው፣ ኢትዮጵያ የአፍሪካ ሻምፒዮን ስትሆን ያየ ሜዳ ነው። ግብፆች ሁለቴ መሩ። ተክሌ ኪዳኔ አንዱን መለሰ፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ሌላውን። ጭማሪ ሰዓት ላይ ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን አገባ፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመረና 4 ለ 2 አለቀ። ዋንጫውን ለሉቺያኖ ያስረከቡት ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ነበሩ። ቡድኑን የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋችነት ተነስተው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍን) ከመሠረቱት አንዱ ሆኑ፤ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮም ነሐሴ 1979 ሞት እስኪወስዳቸው ድረስ በፕሬዚዳንትነት መሩት። ከዚያ ጥር ወዲህ ሌላ የአፍሪካ ዋንጫ አላነሳንም።

እነዚህን ሰዎች እንዴት ሸኘናቸው? መንግሥቱ ወርቁ የተጫዋችነት ዘመኑን ሙሉ ለጊዮርጊስ ሰጥቶ ታህሳስ 2003 ዐረፈ። ዛሬ ስታዲየሙ በር ላይ የሚያልፍ የ20 ዓመት ወጣት ስለ እሱ ምን ያውቃል? ሉቺያኖስ? አሥመራ ተወልዶ የኢትዮጵያን ማሊያ በአምበልነት የለበሰው ሰው በደርግ ዘመን ተሰደደ፣ ሮም አጠገብ ኦስቲያ ላይ ጋራዥ ከፍቶ መኪና እየጠገነ ኖረ፣ መስከረም 6 ቀን 2015 በ87 ዓመቱ እዚያው ጣሊያን አገር ሞተ። ዋንጫ ያነሳበት ሜዳ በዚያን ቀን ለእድሳት ተዘግቶ ነበር። የአገሩ ብቸኛ የአፍሪካ ዋንጫ አምበል በካታንጋ ፊት ሳያልፍ ተቀበረ። ይህ እኔን ያንገበግበኛል። ኳስ የሚወድ ሁሉ ሊያንገበግበው ይገባል።

አንችልበትም እንዳትሉኝ። አበበ ቢቂላ ጥቅምት 1966 ሲያርፍ ይህ ከተማ ነቅሎ ወጥቷል፤ ቀብሩ ላይ ወደ 65 ሺህ ሰው እንደተገኘ ተጽፏል፣ ንጉሡም ቆመው ሸኝተውታል። ሌላው ዓለምም ለኳስ ሰው ቦታው ሜዳው እንደሆነ ያውቃል። ሞዛምቢክ የተወለደው ኢዮዜቢዮ «ስሞት ስታዲየሙን አንድ ዙር አዙሩኝ» ብሎ ተናዞ ነበር። በታህሳስ 2006 በእኛ አቆጣጠር ሊዝበን ላይ የቤንፊካ ሰዎች ቃሉን ጠበቁለት፤ ሳጥኑ ሜዳው መሀል አረፈ፣ ደጋፊው እያጨበጨበ እያለቀሰም ዙሩን አዞረው። ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በኋላ አስከሬኑ የፖርቱጋል ታላላቆች ወደሚያርፉበት ብሔራዊ መካነ መቃብር ተዛወረ። ፔሌ ሲሞት ደግሞ የክለቡ የሳንቶስ ሰዎች የስታዲየማቸውን የቪላ ቤልሚሮን በር 24 ሰዓት ከፍተው ዋሉ፣ አደሩም። ከ230 ሺህ በላይ ሰው ተሰልፎ በሳጥኑ አጠገብ አለፈ።

«ሁከት ይነሳል» የሚል መልስ ሁሌም አለ። የማራዶናን ሽኝት ይጠቅሳሉ፤ እውነት ነው፣ ቦነስ አይረስ ላይ ሕዝብና ፖሊስ ተጋጭተዋል። ግን ለምን ተጋጩ? ያንን ሁሉ ሰው በጥቂት ሰዓት ሸኝተን እንጨርስ ስለተባለ፣ ሰልፉም ሳያልቅ በሩ ስለተዘጋ ነው። ሁከቱን የወለደው የተዘጋው በር ነው። የብራዚሉ በር ሌሊቱን ሁሉ ክፍት ነበር፣ ሕዝቡም በሰላም ገብቶ በሰላም ወጣ።

የእኛ በርስ? ካፍ ስታዲየማችን መስፈርት አያሟላም ካለ ወዲህ ብሔራዊ ቡድናችን «የሜዳዬ ጨዋታ» እያለ በማላዊ፣ በሞዛምቢክ፣ በሞሮኮ ሣር ላይ ተንከራተተ። ሰኔ 2014 ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ሊሎንግዌ ላይ ነበርን! ከ1954 ወዲህ ልጆቹን እየተከተለ ያረጀ ደጋፊ ያንን ድል በስልክ መስኮት አየው። ስንቱ አባት ሳያየው አለፈ።

በ2017 ደግሞ ካዛንቺስ ፈረሰ። ጥቅምት ላይ የካፍ ጠቅላላ ጉባኤ እዚሁ አዲስ አበባ ተቀምጦ፣ አገራችንም በፈረንጆቹ 2029 የሚካሄደውን የአፍሪካ ዋንጫ ላስተናግድ ብላ ስትጠይቅ፣ እኛ ሰፈር ሰው የቤቱን ቆርቆሮ እየነቀለ በአይሱዙ ይጭን ነበር። ከተማ አይታደስ አልልም። ግን አብሮ የሚቀብር ሰው ተበትኗል። ግማሹ ገላን ጉራ፣ ግማሹ ሌላ ጥግ፤ እድሩ ተከፋፈለ፣ ጡሩምባው ቢነፋም የሚሰማው የለም። ከዚህ በኋላ ይህን ሰው ከድሮ ጎረቤቱ ጋር ትከሻ ለትከሻ የሚያቆመው ምን ቀረ? አንድ ቀለም ሻርፕና አንድ ስታዲየም። በቀብር ቀን ያንን ስታዲየም የምትከለክሉት ሰው ሌላ የሚያለቅስበት አደባባይ የለውም።

ስለዚህ ለፌዴሬሽኑም፣ ለክለቦቹም፣ ስታዲየሙን ለያዙትም የምለው ልመና አይደለም፤ የሚገባንን ነው የምጠይቀው። ለብሔራዊ ቡድንና ለክለቡ ዕድሜውን የሰጠ ሰው ሲሞት፣ ቤተሰቡ ከፈቀደ፣ ሽኝቱ ስታዲየም ይሁን፤ ይህም በደንብ ይጻፍ፣ የአንድ ኃላፊ በጎ ፈቃድ አይሁን። የሕይወት ታሪኩን ሲጫወት ያየው ደጋፊ አስቀድሞ ያንብበው፣ ስህተቱንም ያርመው። አረጋውያን ደጋፊዎች ወንበር ያግኙ፣ ኃላፊ ይቁም። ተቀናቃኝ ክለብም በሻርፑ ይምጣ፤ የጊዮርጊስን ሰው የቡና ደጋፊ ሲሸኘው፣ የቡናን ሰው የጊዮርጊስ ደጋፊ ሲሸኘው ማየት እፈልጋለሁ። የ1954ቱ ቡድን ስም ዝርዝር፣ ከአምበሉ ከሉቺያኖ ጀምሮ፣ ልጅ ቆሞ ሊያነበው በሚችልበት ቁመት በሩ ላይ ይቀረጽ። በቁም ላሉት አንጋፋዎች ደግሞ ሕክምናቸው በመዋጮ ሳጥን ላይ መንጠልጠሉ ይብቃ፤ ለጉንጉን የሚወጣው ገንዘብ ለመድኃኒት ይቅደም።

ሳጥኑም ሜዳ ሲገባ ዙሩ ከክቡር ትሪቡን አይጀመር። መጀመሪያ በካታንጋ በኩል ይለፍ።