ስልኩ የማይቆጥረው እንቅስቃሴ

«ዛሬ 10,000 እርምጃ ሞላሁ!» ብሎ ስቶሪ ላይ መለጠፍ ደስ ይላል፤ ቀጥሉበት። ግን ክብደቷ የጨመረ፣ ጉልበቷ አላራምድ ያላት፣ ከአልጋ እስከ በር ግድግዳ ይዛ የምትሄድ እናት ስንቶቻችን ቤት አለች? እኛ ደግሞ ስልካችንን ሳንለቅ «ትንሽ ውጪና ተራመጂ እንጂ!» እንላታለን። ባትችል ነዋ! በዚያ ላይ ቤቱ ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከሆነ መውጣቱ ራሱ ፈተና ነው።

10,000 የሚለው ቁጥር የሐኪም ትእዛዝ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከቀረበ የእርምጃ መቁጠሪያ ስም የመጣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ያወጣው መመሪያ እርምጃ አይቆጥርም፤ አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። አካል ጉዳተኞችንም አካቷል። «ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይቋረጥ» የሚለው የድሮ ገደብ ቀርቷል። ስለዚህ ሦስት ደቂቃም ትቆጠራለች።

ሦስት ደቂቃ ደግሞ ወንበር ላይም ይሠራል። የማይንሸራተት ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ አንድ እግርን ቀጥ አድርጎ ማንሳት፣ አምስት ቆጥሮ ማውረድ፣ ከዚያ ሌላኛውን። የጭን ጡንቻ ሲጠነክር ጉልበትን ያግዘዋል። በሁለት እጅ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይዞ ወደ ላይ መግፋት። ለሚችል ደግሞ ጠረጴዛ ተደግፎ ብድግ ቁጭ ማለት። ልኩ ቀላል ነው፦ ማውራት እየቻሉ መዝፈን ካቃተ በቂ ነው። ቡና በሚፈላበት ቀን ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜ ለዚህ ይበቃል (ስኳሩን ቀነስ አድርጋችሁ ቢሆን ደግሞ እሰየው)። የልብ፣ የስኳር ወይም የግፊት ሕመም ያለበት ግን መጀመሪያ ሐኪሙን ያማክር። ደረት ከወጋ ወይም ካዞረ ወዲያው ማቆም ነው።

ጂም ውስጥ ወፍራም ሰው በድብቅ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ መሳቂያ የሚያደርግ ሰው፣ ያ ሰው ተመልሶ እንዳይመጣ በሩን እየዘጋበት ነው። እንዲህ ያለ ቪዲዮ ላይክ አታድርጉ።

ለከተማ አስተዳደሩም አንድ ጥያቄ አለን። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ብዙ ሰው አደባባይ አውጥቷል። ነገር ግን ዘሎ ማላብ የማይችለው ሰው ዳር ቆሞ ከማየት ሌላ ምን አለው? ከመድረኩ ፊት ሃምሳ ወንበር ይደርደር፤ ቁጭ ብሎ የሚያሠራ አንድ አሠልጣኝም ይመደብ።