ላብ ሁሉ የማረጥ አይደለም

በዚህ ሳምንት ያናደደኝ የቡና ላይ ሐኪም ነው። ከዳባት መጥተው ሰፈራችን የሚኖሩ፣ ኢንሱሊን መውጋት ከጀመሩ የቆዩ እናት አሉ። ሌሊት ላብ በላብ ሆነው፣ ልባቸው እየደለቀ እንደሚነቁ ቢናገሩ፣ ስኒ የያዘው ሁሉ «ማረጥ ነው፣ እትዬ፤ ያልፋል» አላቸው። አንዷ ብቻ «የለም፣ ስኳርዎ ወርዶ ነው፤ ማር ይላሱ» አለች። እሳቸውም ባላባቸው ቁጥር ማር ይልሱ ጀመር። በክትትላቸው ቀን ስኳራቸው ከ300 በላይ ሆኖ ተገኘና ወጣቱ ሐኪማቸው ተቆጣቸው። ስለ ወር አበባ የጠየቃቸው የለም፤ እሳቸውም ልጃቸው ለሚሆን ወጣት ይህን አያነሡም።

እግረ መንገዴን፣ «ስኳር የከተማ ቦርጫም በሽታ ነው» ከሚሉት ጋር ጠብ አለኝ። እነ ዶክተር ሺታዬ ዓለሙ እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ጥናት ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው የገጠር ሰዎች ድኾችና ከሲታዎች መሆናቸውን አሳይቷል። ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘው ስኳር በዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን «ዓይነት 5» ተብሎ የታወቀው ግን ገና በ2025 ነው። ስለዚህ ቦርጭ የሌላትን ሴት «አንቺማ ስኳር የለብሽም» የሚል ካለ አልቀበለውም።

ወደ ላቡ ልመለስ። ማረጥ ሲመጣ ኢስትሮጅን ይወርዳል፤ ሰውነት ለኢንሱሊን እንደ ቀድሞው አይታዘዝም፤ ስብም ወደ ሆድ ይሰበሰባል። አምና የበቃው መጠን ዘንድሮ ላይበቃ ይችላል። ከዚያ ወዲያ ደግሞ የማረጡ ሙቀትና የወረደ ስኳር አንድ መልክ አላቸው፦ ላብ፣ የልብ ምት፣ መርበትበት። በስሜት አይለዩም፤ ጣትን ወግቶ መለካት ነው። ከ70 በታች ከሆነ ስኳር ይቅመሱ፤ ካልሆነ ማሩ ማሰሮው ውስጥ ይቆይ። መለኪያ በቤቷ ያላት ሴት ስንቷ ናት? መንግሥት ስለ ስኳር ሕመም ስብሰባ ከሚጠራ የመለኪያውን ወረቀት ቢያረክስ ይሻለን ነበር።

የማይነሣው ነገር ደግሞ ጾም ነው። የወር አበባዋ የቆመ ሴት ከቤተ መቅደስ የሚያስቀራት የለም፤ ትቆርባለች፣ ቅዳሴ ታስቀድሳለች፣ አንዳንዷም ቆብ ጭና እማሆይ ትባላለች። በሕይወቷ ከምንጊዜውም በላይ የምትጾመው ስኳሯ ሊዋልል በሚችልበት ዕድሜ ነው ማለት ነው። በፍልሰታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳትቀምስ ጠዋት ግሊቤንክላማይድ የዋጠች ወይም ኢንሱሊን የወጋች ሴት ቅዳሴው ላይ ብትወድቅ፣ ዘመዶቿ «መንፈስ ነው» ብለው ጠበል ይረጩባታል። ጠበሉ ይቅር አላልኩም፤ አስቀድሞ ጣቷ ይታይ።

«ሃይማኖት ውስጥ ምን አገባህ» የሚል ደብዳቤ እንደሚደርሰኝ አውቃለሁ። ሕመምተኛን ከጾም ነጻ ማድረግ የቤተ ክርስቲያኗ የራሷ ሥርዓት ነው፤ የንስሐ አባቶች ይነግሯችኋል። የቸገረው ሴቶቹ ፈቃዱን አለመቀበላቸው ነው። እኒያ እናት ጾሙን ተዉ ቢባሉ «ሕፃናቱ እንኳ እየጾሙ!» ነው የሚሉት። እንግዲህ ጾሙን ካልተዉ፣ ፍልሰታ ከመግባቱ በፊት ክትትላቸው ሄደው «እስከ ዘጠኝ ልጾም ነው፤ መርፌዬን እንዴት ላድርግ?» ይበሉ። ወጣቱ ሐኪምም ሳያፍር «የወር አበባዎ ቆሟል ወይ?» ይበላቸው።