መናገሻ ሱባን የሚጎበኝ መሪ ወደ መሬትም ይመልከት

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በሚገኘው በወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ለገበሬ ማኅበር መሪዎች ጉብኝት የሚመች ስፍራ ነው። ይሁን እንጂ የደን ጉብኝት ሲባል ብዙ ጊዜ የሚደረገው የታወቀ ነው። መኪናው ይቆማል፤ ሦስት አራት ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው የአንድ ትልቅ ጽድ ግንድ ለማቀፍ ይሞክራሉ፤ ጉሬዛ ሲዘል ይታያል፤ ምሳ ይበላል፤ ከዚያ ወደ ቤት ነው። ይህ ክፉ ባይሆንም ዛሬም በብዙ ገጠር በገበሬ ማኅበርነቱ ለሚጠራው ቀበሌ ይዞት የሚመለሰው ቁም ነገር የለም።

እንደሚነገረው፣ በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የጽድ ዘር ከሰሜን ሸዋው ከወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው ወጨጫ ላይ እንዲዘራ አድርገዋል። ኋላም ዐፄ ምኒልክ ደኑ እንዲጠበቅ ማዘዛቸው ይታወቃል። እንግዲህ የአባቶች ደን የሚባለው እንዲሁ የበቀለ ብቻ ሳይሆን የተዘራና ዘበኛ የቆመለት ጭምር መሆኑ ነው። ከግርጌው ጽድና ዝግባ፣ ከፍ ሲል ወይራና ኮሶ፣ ከ3,300 ሜትር በላይ ወደሚደርሰው ጫፍ ሲቃረብ ደግሞ አስታ ይገኛል። ከዚህ ተራራ የሚወርዱት ምንጮች ወደ አዋሽ ይገባሉ።

መሪው ሊያየው የሚገባው ግን ከሽማግሌው ዛፍ ሥር ያለውን ነው። ልጅ ጽድ አለ ወይስ የለም? መቶ ዓመታትን ያስቆጠረ ዛፍ ቆሞ ሳለ ከሥሩ አንድ ችግኝ ከሌለ፣ ያ ደን ልጅ ያልወለደ ቤት ነው። ማንም መጥረቢያ ሳያነሳበት ያልቃል። ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ከብት ነው። ፍየል ለጋውን ትቀነጥባለች፤ በሬው በክረምት እርጥብ መሬት ላይ ይረግጠዋል። ጽድ ብርሃን ወዳድ በመሆኑ ጥቅጥቅ ባለ ጥላ ሥር አይጠናም፤ ስለዚህ ዛፍ ወድቆ የተከፈተ ቦታ ሲገኝ ያ ቦታ ወዲያው የግጦሽ ማሳ እንዳይሆን መጠበቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። ጽድ ወንድና ሴት አለው። ዝግባም፣ ኮሶም እንዲሁ ናቸው። ሲበስል ወደ ጥቁር ሰማያዊ የሚያደላውን ፍሬ የሚያፈራው ሴቴው ጽድ ብቻ ሲሆን ፍሬውን በልተው የሚበትኑት ወፎች ናቸው። በአንድ ተረተር ላይ አምስት ዛፍ ቀርቶ አምስቱም ወንዴ ከሆኑ የሚዘራ የለም። ምስጥ ስለማይደፍረው ለቤት ምሰሶና ለአጥር የሚቆረጠው ጽድ የትኛው እንደሆነ ሳይታይ መቆረጡ ጉዳቱ ከአንድ ዛፍ በላይ ነው። (በየችግኝ ጣቢያው በጽድ ስም የሚታደለው አብዛኛውን ጊዜ የፈረንጅ ጽድ መሆኑንም መሪው ቢያስተውል መልካም ነው።)

ገበሬው፣ ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት ደርሶ ሲሸጥ ጽድን ማን ይጠብቃል ቢል እውነት አለው። መልሱ ባሕር ዛፍን መንቀል አይደለም። የማገዶውና የገንዘቡ ባሕር ዛፍ ከቤት አጠገብና ከማይታረስ መሬት ላይ ይቁም፤ ከምንጩ በላይ ያለው ዳገት ግን ለጽድና ለወይራ ይተው። በ1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ለአንድ ገበሬ ማኅበር ክልል የተወሰነው ቢያንስ 20 ጋሻ፣ ማለትም 800 ሄክታር ነበር። ከዚህ ስፋት አንድ ዳገት መለየት ከባድ አይሆንም። ሣሩ ታጭዶ ለከብቱ ይሰጥ፤ ቀፎም ይሰቀልበት። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 የማኅበረሰብ ደንን በይዞታነት ስለሚያውቅ ሕጉ እንቅፋት አይሆንም።

ወደ ሱባ የሚሄደው መኪና ላይ ሊቀመንበሩና ጸሐፊው ብቻ መሳፈራቸውም ትክክል አይደለም። እንጨት የሚለቅሙት ሴቶችና እረኞቹ ይሂዱ። ከብቱ ቀትር ላይ የት እንደሚያርፍ፣ የትኛው ጽድ ፍሬ እንደሚያፈራ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው፤ በማግሥቱም ዳገቱ ይከለል ሲባል በቅድሚያ የሚጠየቁት እነርሱው ናቸው።