ክረምቱን የተኛው ፕሪንተር

መስከረም ሲጠባ በብዙ ቤት የሚደገም ነገር አለ። ልጆች ትምህርት ጀምረዋል፣ መምህሩ የመልመጃ ወረቀት በቴሌግራም ልኳል፣ ከሰኔ ወዲህ ጨርቅ ተደርቦበት የከረመው ፕሪንተር ይከፈታል። ወረቀቱ መውጣቱንስ ይወጣል። ግን ፊደሉ በነጭ መስመር ተቆራርጧል፤ ወይም ካርታው ላይ ቢጫ መሆን የነበረበት አረንጓዴ ሆኗል። ወላይታ ሶዶ ላይ ይህ ጣጣ የሚመጣው የጊፋታ ሽር ጉድ ቤቱን በሞላበት ሰሞን ነው። ያኔ ጠጋኝ ማግኘት ራሱ ሌላ ሥራ ነው።

አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ነገሩ ቢበዛ አንድ ከሰዓት በኋላ ያባክናል። ሃላሌ ላይ ሲሆን ሂሳቡ ይለያል። አንዲት ወጣት ባጠራቀመችው ገንዘብ አንድ ባለ ታንክ ፕሪንተር ገዝታ የቤቷን የመንገድ በር ወደ ሱቅነት ከቀየረች፣ ያ ማሽን የቤቱ እንጀራ ነው። የሥራ ማመልከቻው፣ የመታወቂያ ኮፒው፣ የትምህርት ቤቱ ፈተና ሁሉ በእሱ ያልፋል። ማሽኑን ተሸክሞ ሶዶ ድረስ መሄድ የመኪና ሂሳብ አለው፣ የቀኑ ገቢ ይቀራል፣ መንገድ ላይ ደግሞ ማሽኑ ከዘመመ ቀለሙ ሊፈስ ይችላል። ስለዚህ ወደ ጠጋኝ ከመሄድዎ በፊት እቤት ሊሞክሩት የሚችሉትን እንነጋገር።

ቀለም የሚረጩ ፕሪንተሮች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው በሙቀት የሚሠራው ነው፤ ኤችፒና ካነን በዚህ ይታወቃሉ። በ1977 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) አንድ የካነን ተመራማሪ የጋለ የብየዳ ብረት ቀለም የያዘ ስሪንጅ መርፌ ላይ በድንገት ቢያስነካው ቀለሙ ፊጭ ብሎ ወጣ፤ ሐሳቡ የተወለደው ከዚያ ነው። ሁለተኛው የኤፕሰን ነው፤ ቀለሙን አያሞቅም፣ በኤሌክትሪክ ቅርጹን የሚለዋውጥ ስስ ነገር ጨምቆ ያስወጣዋል። ልዩነቱ ለኪስዎ ትርጉም አለው። በትንንሾቹ የኤችፒ ዴስክጄቶች ላይ ሄዱ ያለው ካርትሪጁ ላይ ነው፤ ካርትሪጅ ሲቀይሩ ሄድም ቀየሩ ማለት ነው። በኤፕሰን ባለ ታንኮች ላይ ግን ሄዱ ከማሽኑ ጋር ይኖራል፤ እሱ ከሞተ ወጪው ከባድ ነው።

ሄዱ ከጸጉር በቀጠኑ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ለምሳሌ ኤፕሰን ኤል 3110 ለጥቁር 180፣ ለእያንዳንዱ ሌላ ቀለም 59 ቀዳዳዎች አሉት። ቀለሙ በአብዛኛው ውሃ ስለሆነ አየር ካገኘ ይደርቃል። ለዚህ ነው ማሽኑ ሥራ ሲጨርስ ሄዱን ወደ ቀኝ ጥግ ወስዶ በጎማ ክዳን የሚገጥመው።

መብራት ሲጠፋ ያ ክዳን ምን ይሆናል? የእኛ አገር ፕሪንተሮች ዋነኛ በሽታ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ማሽኑ እያተመ ሳለ መብራት ድርግም ካለ ሄዱ መሃል መንገድ ላይ ክፍቱን ይቀራል። መብራቱ በማግስቱ ከመጣ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሲደርቅ አደረ። ማታ ማታ ማከፋፈያውን ከግድግዳ ነቅሎ የመተኛት ልማዳችንም ተመሳሳይ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። መጀመሪያ ማሽኑን በራሱ ቁልፍ ያጥፉ፤ ድምፁ ጸጥ እስኪል ይጠብቁ፤ ከዚያ ሶኬቱን ይንቀሉ። በማተም ላይ ሳለ መብራት ከሄደብዎ፣ እንደተመለሰ ማሽኑን ያብሩትና በቁልፉ ያጥፉት፤ ሄዱ ወደ ቦታው ይገባል። ከማሽኑ የሚያገኙት ገቢ ካለ አነስተኛ ዩፒኤስ መግዛት ቅንጦት አይደለም።

አሁን ወደ ተደፈነው እንመለስ። መጀመሪያ የኖዝል ምርመራ ገጽ ያትሙ፤ ትእዛዙ ኮምፒውተሩ ላይ በፕሪንተሩ የጥገና ክፍል ውስጥ ይገኛል። የተቋረጡ መስመሮችን በእስክሪብቶ ያክብቡ። አንድ ጊዜ ያጽዱ፣ እንደገና ገጹን ያትሙና ሁለቱን ያነጻጽሩ። የጎደሉት መስመሮች ቦታቸው ያው ከሆነ ቀለም ደርቋል። ቦታቸውን እየቀያየሩ ከሆነ ግን ችግሩ አየር ነው፣ ቱቦው ውስጥ ገብቷል። አየር ሲሆን ማጽዳትን መደጋገም ላያስወጣው ይችላል። ታንኩ ከዝቅተኛው ምልክት በላይ መሆኑን ያረጋግጡና ማሽኑን አሳድሩት።

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው የማጽጃውን ትእዛዝ አሥር ጊዜ መደጋገም ላይ ነው። የኤፕሰን መመሪያ ራሱ ሦስት ጊዜ ሞክሮ ካልተሻለ ቢያንስ 12 ሰዓት ሳያትሙ መጠበቅን ያዛል። ምክንያቱ ስስት አይደለም። በእያንዳንዱ ማጽዳት የሚወጣው ቀለም ማሽኑ ሥር ወዳለ ስፖንጅ ይፈሳል፤ ማሽኑም ይቆጥራል። ቁጥሩ ሲሞላ ስፖንጁ ካልተቀየረ አልሠራም ብሎ ይቆማል። ኃይለኛው ማጽጃ የሚባለው ደግሞ ታንኮቹ ቢያንስ ሲሶ ካልሞሉ መነካት የለበትም።

አሁንም ካልተከፈተ ዲስትልድ ውሃ ያስፈልግዎታል። እዚህ ላይ ቆም ይበሉ! የመኪና ዕቃ ሱቅ ሄደው «የባትሪ ውሃ» ካሉ አሲድ ሊሰጥዎት ይችላል፤ እሱ ሄዱንም የልጅዎን እጅም ይጎዳል። ጠርሙሱ ላይ ዲስትልድ መባሉን አንብበው ይግዙ። የቧንቧና የታሸገ የመጠጥ ውሃ ጨው ስላላቸው እዚያው ደርቀው ሌላ ድፍን ይሆናሉ። አሴቶን በጭራሽ አይሞክሩ።

ሄድ ላለው ካርትሪጅ ዲስትልዱን ለብ አድርገው ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ጥቂት ያፍስሱ፣ የሄዱን ፊት ብቻ እንዲነካ። ካርትሪጁን አምስት ደቂቃ ያህል ያስቀምጡትና በታጠፈ ሶፍት ላይ ሳይፈትጉ ጫን ያድርጉት። ባለ ሦስት ቀለሙ ካርትሪጅ ከሆነ ሶስት የተለያዩ ነጠብጣቦች መታየት አለባቸው። የመዳብ ቀለም ያለውን መገናኛ በጣት አይንኩ። ሄዱ በማሽኑ ላይ ለሆነው ኤፕሰን፣ ሄዱ ከቦታው ተነሥቶ ሲቆም ሶኬቱን ይንቀሉና በስተቀኝ ያለው የጎማ ክዳን ውስጥ ጥቂት የዲስትልድ ጠብታ ይጨምሩ። መልሰው ያብሩት፣ በቁልፉ ያጥፉት፣ ይደር። ጠዋት አንድ ጊዜ ያጽዱ። በሙቀት የሚሠራ ማሽን ግን ቀለም ሳይወጣ «ምናልባት ይመጣል» እየተባለ ብዙ ገጽ ሊታተምበት አይገባም፤ ቀለም የሌለበት ሄድ ይቃጠላል።

የተደባለቀ ቀለም ሌላ ታሪክ ነው። ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ስሪንጅ ነው፤ በጥቁር የተጠቀሙበትን ሳይታጠብ ቢጫው ውስጥ ይነክሩታል። ቢጫ ምንም ምስጢር አይደብቅም፤ ትንሽ ሰማያዊ ከገባበት ወዲያው አረንጓዴ ይሆናል። ጥቂት ከሆነ የዚያን ቀለም ሙሉ ገጽ ሁለት ሦስት ጊዜ ማተም ያጠራዋል። ታንክ ውስጥ የተሳሳተ ቀለም ካፈሰሱ ግን አያትሙ፣ አያጽዱም! ሁለቱም የተበላሸውን በቱቦ ወደ ሄዱ ይስቡታል። ማሽኑን አጥፍተው ሶኬቱን ይንቀሉ፣ በአዲስ ስሪንጅ ከታንኩ ይምጠጡ፣ በትክክለኛው ቀለም ያለቅልቁና ይሙሉ። ማሽኑ በዚያ ቀለም ማተም ከጀመረ በኋላ ካወቁት የቱቦውን ሥራ ለባለሙያ ይተዉት።

ከዚህ የከፋው ዓይነቱ የማይገጥም ቀለም ነው። ለምሳሌ በካነን ጂ ቤተሰብ ውስጥ ጂአይ 490 የሚጠቀሙት ማሽኖች ጥቁራቸው በዱቄት መልክ የተሠራ ቀለም ነው፣ ሌሎቹ ሦስቱ ግን የሟሙ ናቸው። ሁለቱ ዓይነቶች ሲገናኙ ሊረጉ ይችላሉ። ስለዚህ «ለሁሉም ይሆናል» የሚባለውን ርካሽ ጠርሙስ ለቤት የልጆች ሥራ ቢደፍሩት እንኳ፣ እንጀራ በሚበላበት ማሽን ላይ እኔ አልመክርም። የማሽኑን ሞዴል ቁጥር ስልክዎ ላይ ፎቶ አንሥተው ወደ ሱቅ ይሂዱ።

አዲስ ልገዛ ነው ለሚሉ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ፦ በወር ስንት ገጽ ያትማሉ? መልሱ «አንዳንዴ» ከሆነና ጥቁር ብቻ ከበቃዎት ሌዘር ይግዙ፤ ቶነር ዱቄት ስለሆነ ክረምቱን ቢተኛም አይደርቅም። ባለ ቀለሙን ከመረጡ በሳምንት አንድ ቀን አራቱም ቀለም ያለበት አንድ ገጽ ያትሙ። ይህንን ኃላፊነት ለትንሹ ልጅ ይስጡት፤ ቅዳሜ ጠዋት የሚቀባው ሥዕል ከፈለገ ቀኑን አይረሳም።