አረንጓዴውን ሻንሲ በዱቄት አትቅበሩት

እ.ኤ.አ. የ1974ቱን ዱካቲ 750 ሱፐር ስፖርት ሞተር ሳይክል ዓለም የሚያውቀው በሻንሲው ቀለም ነው። ያንን ቀለም በአሸዋ አስነፍቶ፣ በምትኩ ከካታሎግ የመረጠውን የዱቄት ቀለም (ፓውደር ኮቲንግ) አስቀብቶ ሲያበቃ «ልክ ከፋብሪካ እንደወጣች አደስኳት» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ደሜ ይፈላል። ዓይን ያወጣ ውሸት ነው!

ነገሩ የተራ ቀለም ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. አፕሪል 23 ቀን 1972 ኢሞላ ላይ በተካሄደው የ200 ማይል ውድድር፣ ፋቢዮ ታሊዮኒ የነደፋቸውን ዱካቲዎች ይዘው ፖል ስማርት አንደኛ፣ ብሩኖ ስፓጃሪ ሁለተኛ ወጡ። የዘመኑ ኃያል ጃኮሞ አጎስቲኒ ኤምቪ አጉስታውን ይዞ ከመሃል አቋረጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ ለገበያ የቀረቡት 400 ገደማ ሞተር ሳይክሎች ያንን ድል በሻንሲያቸው ተሸክመው ከቦሎኛ ወጡ። ቀለሙን አረንጓዴ ነው ስትሉት ወደ ሰማያዊ ይሸሻል፤ ሰማያዊ ነው ስትሉት ወደ አረንጓዴ ይመለሳል። ከብርማው የፋይበር ግላስ ገላዋ አጠገብ ሲሆን ደግሞ ሌላ መልክ ያወጣል። ይህን ቀለም «ተቀራራቢ» በሚባል ነገር መተካት አይቻልም።

ዱቄቱማ ከዚህም ይብሳል። በኤሌክትሪክ ኃይል ብረቱ ላይ ይጣበቅና ምድጃ ውስጥ 200 ዲግሪ አካባቢ ቀልጦ ወፍራም ልባስ ይሆናል። ለአጥር፣ ለወንበር እግር፣ በየቀኑ ጭቃ ለምትረግጥ ሞተር ሳይክል እኔም እመክረዋለሁ። እዚህ ግን የብየዳውን ሸንተረር ይሞላል፤ ብረቱ ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር ያደበዝዛል። አንድ ቦታ ከተላጠ ዝገቱ በሥሩ እየተሳበ ይሄዳል፤ ላዩ ግን ማብረቅረቁን አይተውም። «የፋብሪካው ሥራ ሻካራ ነበር፣ እኛ አሻሻልነው» ይሉኛል። ማን አሻሽሉ አላችሁ? ያ ሻካራ ብየዳ፣ ያ ስስ ቀለም የሠራተኛው እጅ ነው። ስቱኮ ሞልቶ መስተዋት ያስመሰለው ሰው የዚያን ሠራተኛ ምስክርነት አጥፍቷል።

እውነተኛው ቀለም የት እንዳለ ላሳያችሁ። የነዳጅ ታንኩን አንሱና የሚያርፍበትን ጎማ ግለጡ። የመሪውን ኩሽኔታ ስታወጡ ዙሪያውን እዩ። ሞተሩን የሚይዙትን ቡሎኖች ፍቱና ማሰሪያው የሸፈነውን ቦታ በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ። ሃምሳ ዓመት ፀሐይ ያልነካው፣ ቤንዚን ያላጠበው ቁራጭ ካለ እዚያ ነው። ናሙናችሁ እሱ ነው። ቀለም ቀማሚው ዘንድ ውሰዱት፤ በአምፑል ብርሃን ሳይሆን ደጅ አውጥታችሁ አመሳክሩት። ፎቶግራፍ አይረዳችሁም፤ ፊልሙም ስክሪኑም ይህን ቀለም እንደየፊናው ይለውጠዋል። ዱካቲ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣውን ፖል ስማርት 1000ም ለናሙና አታምጡብኝ። እሱ የድሉ መታሰቢያ ነው፤ ለ1974ቱ ሻንሲ ምስክር ሊሆን አይችልም። ከዚያ በስሱ፣ በፈሳሽ ቀለም ይረጭ። የቀድሞው ቀለም ገና ብረቱን ይዞ ከሆነ ደግሞ እባካችሁ ጨርሶ አትንኩት፤ የተጫረውም ይጫር።

«ንብረቴ ነው፣ እንዳሻኝ አደርጋለሁ» የሚለውን መልስ ለምጄዋለሁ። ንብረትህ ነው፣ እሺ። ነገር ግን እነዚህ ሞተር ሳይክሎች በጨረታ ከ100,000 ዶላር በላይ ተሽጠዋል፤ በዚህ ዋጋ ሌላ ሻንሲ አረንጓዴ ቀብቶ ለመሸጥ የሚፈልግ አይጠፋም። በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ወፍራም ዱቄት ካለበስን፣ ነገ እውነተኛዋን ከተመሳሰለችው በምን እንለያታለን? ስለዚህ አሸዋው ከመነፋቱ በፊት የነበረው ቀለም ይመዝገብ፤ የተደበቀው ቁራጭ ሳይነካ ይቆይ፤ ስትሸጥም የትኛው ክፍል በማን፣ በምን ቀለም እንደተቀባ ለገዢው በጽሑፍ ስጠው። በየትርዒቱ የምትፈርዱ ዳኞችም ዋንጫውን ከመስጠታችሁ በፊት ታንኩን አስነሱና ከሥሩ እዩ።