ቡናው ቁርሱን ይዞ ይምጣ!

«ቡና ዳቦ ነው» ስንል ስንት ዘመን ኖርን! አባባሉ ያምራል፤ ሆድ ግን አይሞላም። አሁን ደግሞ ዘመነኞቹ «ፕሮቲን ያለው ቡና» ይዘው መጥተዋል። ከባሕር ማዶ በቆርቆሮ የመጣ ዱቄት በውድ ይገዛና ቡና ላይ ይበጠበጣል። ያለው ይጠጣ፤ አልቀናበትም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፤ ቡናውን የሚያበቅለው ሰው ቤት ያለው ስኒ!

ከዲላ ተነስታችሁ በወናጎ አድርጋችሁ ይርጋጨፌ ዝለቁ። መንገዱ ግራና ቀኙ እንሰት፣ ቡና፣ ዛፍ ነው። በ1999 ዓ.ም. ኢትዮጵያ «ይርጋጨፌ» በሚለው ስም የተነሳ ከስታርባክስ ጋር ተሟግታ ስምምነት ላይ ደረሰች። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። እሰየው! ስሙ ከፍ አለ። የልጁ ሳህንስ? ቆጮ ጉልበት ይሰጣል፤ ፕሮቲኑ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ቆጮ በጎመን በልቶ በላዩ ጥቁር ቡና የሚጠጣ ልጅ በምን ይደግ?

እቅጩን እንነጋገር። ጥቁር ቡና ውስጥ ፕሮቲን የለም ቢባል ይቀላል። ረሃብን ያዘናጋል እንጂ አያጠግብም። ይባስ ብሎ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነት ከጎመንና ከጥራጥሬ የሚያገኘውን ብረት ይሻማል። ነፍሰ ጡሯን «ቡና ጠጪበት፣ ይበቃሻል» ማለት ደግነት አይደለም። ቅቤ የገባበት ቡናም ቢሆን ጣዕሙ ግሩም ነው፤ ቅቤ ግን ስብ እንጂ ፕሮቲን አይደለም። አንዱን በሌላው አናምታታ።

ታዲያ ፕሮቲን ያለው ቡና ቤት ውስጥ አይሠራም? ይሠራል እንጂ! ሩብ ሊትር ወተት ወደ 8 ግራም ፕሮቲን አለው። ወተቱን አፍሉት፤ ከጀበናው ወፈር ያለውን አቦል ጨምሩበት፤ በቃ። የላም ወተት ከሌለ 3 የሾርባ ማንኪያ ሙሉ የዱቄት ወተት በለብታ ውሃ በጥብጡና ቡናውን ቀስ እያላችሁ አፍስሱ። ደረቁን ዱቄት የሚፈላ ቡና ላይ ብትበትኑት ይጓጉላል። ጾም ነው? እፍኝ የሽምብራ ቆሎ፣ 30 ግራም ያህል፣ 6 ግራም ገደማ ይሰጣል። ኦቾሎኒም ከዚያ አያንስም። አያቶቻችን ቡና ያለ ቁርስ ነውር ነው ያሉት ለወግ ብቻ ይመስላችኋል? ለልጁ ደግሞ ቡናውን ተዉለትና ወተቱን ወይም የተቀቀለ እንቁላል ስጡት፤ አንዱ እንቁላል 6 ግራም ነው።

«ወተት ከየት ይምጣ? ለላም የሚሆን ግጦሽ እንኳ የለንም» የሚለኝ የጌዴኦ ገበሬ እውነቱን ነው። መሬቱ ጠቧል፣ ሰው በዝቷል። ግን ቦሎቄ በዚያው ጓሮ ይበቅላል፤ ዶሮም ሰፊ መስክ አትጠይቅም። ደግሞስ ቡናው በሚለቀምባቸው ወራት ብር ወደ ቤት ይገባ የለም ወይ? ያ ብር ለምን ለምን እንደሚውል ሲወሰን፣ ጀበናውን የምታፈላው እናት ድምፅ አላት? ክረምት ገብቶ ጓዳው ሲራቆት ልጁ ምን እንደሚበላ የምታውቀው እሷ ናት። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሳትጠየቅ ቀርታ ሐምሌ ላይ «ምን አበላሽ?» ትባላለች። ይሄ ፍርድ ነው?

ገበሬውን ብቻ ወቅሼም አላልፍም። በይርጋጨፌ ስም የሚነግድ፣ የሚያተርፍ፣ ሜዳሊያ የሚሸለም ሁሉ ስለ ቡናው ጣዕም ሲተነትን ሰምተነዋል። አበባ አበባ ይሸታል፣ ሎሚ ሎሚ ይላል ይሉናል። ይበሉ! ግን ለቀይ እሸቱ የሚከፈለው ዋጋ ለዚያ ቤት የእንቁላልና የቦሎቄ ዋጋ መሆኑንም አይርሱ። ቡና ዳቦ ነው ካልን፣ ዳቦው መጀመሪያ ለተከለው ሰው ልጅ ይድረሰው።