ሕፃናቱን የሚገድላቸው ካንሰር ነው ወይስ መዘግየት?

ካንሰር የትልቅ ሰው በሽታ ነው ሲባል በየመንደሩም በየመኝታ ቤታችንም ይሰማል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ ዕድሜያቸው ከ20 ዓመት በታች ከሆኑት መካከል በየዓመቱ 400,000 ያህሉ በካንሰር ይያዛሉ። ይህ ከአዋቂዎቹ ቁጥር ጋር ሲመዛዘን ጥቂት ነው፤ ለወላጅ ግን አንድ ልጅ ጥቂት አይባልም።

ከዚህ ይልቅ ሊያስቆጨን የሚገባ ሌላ ቁጥር አለ። በሀብታም አገሮች ከሚታመሙት 100 ልጆች ከ80 የሚበልጡት ይድናሉ። በብዙ ድኻ አገሮች ግን የሚድኑት 30 አይሞሉም። በሽታው አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱ ከምን መጣ?

ዕድል ነው የሚለውን መልስ አንቀበልም። የሀብታሞቹም ልጆች ቀድሞ ያልቁ ነበር። ዶክተር ሲድኒ ፋርበር በቦስተን የደም ካንሰር የያዛቸው ሕፃናት በመድኃኒት ለጊዜው እንደ ተሻላቸው የገለጠው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ዛሬ በእነዚያ አገሮች በሕፃናት ላይ አብዝቶ የሚታየው የደም ካንሰር ከያዛቸው 10 ልጆች 9ኙ ያህል ይድናሉ። ይህም የተገኘው በተአምር ሳይሆን መድኃኒቶችን በማጣመርና ከየሙከራው ውጤት በመማር ነው።

በእኛ አገር ግን ብዙው ሕፃን ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው። ጠበሉን ማንም አይከለክልም፤ ሐኪሙን ግን ማስቀረት የለበትም። ጥቁር አንበሳ ደርሶ ሕክምና ከጀመረውም መካከል፣ የማደሪያውና የመሳፈሪያው ገንዘብ ሲያልቅ ወይም ልጁ የዳነ ሲመስል አቋርጦ የሚመለስ አለ። የደም ካንሰር ሕክምና ደግሞ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። እንግዲህ ከግማሽ መንገድ መመለስ የተጀመረውን ድካም ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም ጤና ድርጅት፣ በ2030 ከታመሙት ልጆች ቢያንስ 60 በመቶው እንዲድኑ ግብ አቁሟል። ግቡ በወረቀት እንዳይቀር መንግሥት መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ፣ ከሩቅ የመጣ ወላጅም ማደሪያ እንዳያጣ ሊያደርግ ይገባል እንላለን።

እኛስ? በየክረምቱ ወደየአገራችን ስንበተን ባዶ እጃችንን አንሂድ። የማይለቅ ትኩሳት፣ ያለ ምክንያት መድማትና መበለዝ፣ የሆድ እብጠት፣ ጧት ጧት ራስ ምታትና ትውከት፣ በዓይን ብሌን ውስጥ የሚያበራ ነጭ ነገር የታየበት ልጅ ሳይውል ሳያድር ይመርመር ብለን ለጎረቤት እንንገር። በሽታው ከልጅ ወደ ልጅ እንደማይተላለፍ፣ አብዛኛውም በዘር የማይወርድ መሆኑን ለእናቲቱ እናስረዳት። ይህን ለመናገር የሕክምና ተማሪ መሆን አያስፈልግም። ሕዝብ ያስተማረን ለፈተና ብቻ ነው እንዴ?